ጉሬዛ አይደለም

እህቴ መቅደስ ከሞተች ወዲህ አባታችን በር ላይ ጉሮሮውን አይጠርግም።

ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አባዬ ግን ከውጭ ሲመጣ ቁልፉን ከማስገባቱ በፊት ቆም ብሎ «እህም» ሳይል ገብቶ አያውቅም ነበር። ቤቱ የራሱ ነው፣ ቁልፉም በእጁ ነው፤ ቢሆንም ሰው ያለበት ቤት ድምፅ ሳያሰሙ አይገባም ባይ ነው። እዚህ ኖርዌይ፣ ሮመን በሚባል ሰፈር በምንኖርበት ፎቅ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ በዚያ ድምፅ ያውቁታል። እኛም ከውስጥ ስንሰማው ቴሌቪዥኑን እንቀንሳለን፣ እግራችንን ከጠረጴዛው ላይ እናወርዳለን። አሁን የሚሰማው ቁልፉ ብቻ ነው። ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ይቀመጣል።

ስለ መቅዲ ልጽፍ ተቀምጬ ስለ አባዬ ጀመርኩ። አጻጻፉን በደንብ አልችልበትም። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው የቆመው፤ እዚህ ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች ስጠብቅ ነው የምውለው። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ስለዚህ ስህተት ካገኛችሁበት ጥፋቱ የእሷ ነው። ብትሰማኝ ኖሮ በዚህ ትስቅ ነበር።

መቅዲ በብዙ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም። ያኔ ጫማዬን የምታስረው፣ ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ በእናቴ ወንበር የምትቀመጠው እሷ ነበረች። ስሜ ናትናኤል ነው። እሷ ግን በቁመት ካለፍኳት በኋላም ጩጬ ነበር የምትለኝ።

ሥራዋ ጎሪላ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረችውም ስለ እሱ ነው። ጎሪላ ሁሉ አንድ አይደለም። እሷ የምትከታተለው የተራራ ጎሪላ የሚባሉትን ነው፤ ጸጉራቸው ረዘም ያለ፣ ብርድ የለመዱ፣ ሩዋንዳና ጎረቤቶቿ በሚገናኙበት ተራራ ላይ የሚኖሩ። ብዙ አልቀሩም። «በዓለም ያሉት ሁሉ ተሰብስበው ቢመጡ» ትለኝ ነበር በመስኮት ወደ ውጭ እያሳየችኝ፣ «እዚህ ሰፈር ካሉት ፎቆች ጥቂቱን ብቻ ነው የሚሞሉት። ሮመን ራሱ ይሰፋቸዋል።» ለወራት ትሄዳለች። ትመለሳለች፣ ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር ባለ የጫማ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ ደግሞ ትሄዳለች።

አባዬ ግን ለሰው ሲናገር «ጉሬዛ ነው የምታጠናው» ይል ነበር።

አባዬ ያደገው ጅማ አካባቢ ነው። ጉሬዛ ከቤታቸው ጓሮ ዛፍ ላይ የሚውል፣ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ የሚመስል፣ ሰው አይቶ የሚያደንቀው እንስሳ ነው። ለሰው ለመናገር የሚያምር ነገር ነው። ጎሪላ ግን ሌላ ነው።

«አባዬ፣ ጉሬዛ አይደለም እኮ» ትለዋለች።

«ምን ለየው? ሁለቱም ጫካ ነው ያሉት።»

«ጉሬዛ ዛፍ ላይ ነው የሚውለው። የእኔዎቹ አብዛኛውን ጊዜ መሬት ላይ ናቸው።»

«ጉሬዛም ሲፈልግ ይወርዳል።»

«አንዴ ብቻ በለው። ጎ፣ ሪ፣ ላ።»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» ይላታል።

እሷም ሻይዋን ትጠጣለች። እኔ የአባትና ልጅ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ በቀለ የሚባል የአባዬ የረጅም ጊዜ ጓደኛ አለ። ቤተ ክርስቲያን ባገኘን ቁጥር «እንዴት ናት የጉሬዛዋ ሐኪም?» ይለናል። አባዬ «ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። መቅዲ አጠገቡ ቆማ ብትሆንም እንደዚያው ነው የሚለው።

ከተራራው ስትመለስ ለጥቂት ሳምንታት ጠባይዋ የእነሱ ይሆናል። ሰው ስትተዋወቅ ዓይኑን ሳይሆን አፍንጫውን ታያለች። ጎሪላዎች ከአፍንጫቸው በላይ ያላቸው መስመር የአንዱ ከሌላው ይለያል፤ በእሱ ነው ማን ማን እንደሆነ የሚያውቋቸው። «የጋሽ በቀለን አፍንጫ አይተኸዋል?» አለችኝ አንድ ቀን። «እሱን ጫካ ውስጥ ከሩቅ ነው የምለየው።» አልጋዋንም አታነጥፍም። አባዬ ሲቆጣት «ጎረቤቶቼ ትናንት በተኙበት ዛሬ አይተኙም፣ በየቀኑ ቅጠልና ቅርንጫፍ አጥፈው አዲስ መኝታ ነው የሚሠሩት» ትለዋለች። «እዚያ ሂጂና በየቀኑ ሥሪ» ይላታል፣ «እዚህ ግን አንጥፊ።» ሴለሪ የሚሉትን የቅጠል አገዳ እንደ እነሱ በጎን ጥርሷ ነው የምትልጠው። ዝናብ ሲመጣም አትሮጥም። እነሱ መጠለያ ፍለጋ አይሯሯጡም፤ ባሉበት ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው እስኪያባራ ይጠብቃሉ። እሷም እንደዚያው። ሰው ያያታል። ግድ የላትም።

ማታ ራት ላይ ስለ እነሱ ታወራለች። የምትናገረው ለእኔ ነው። አባዬ ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ ይቀመጣል። አንድ ቀን ብቻ፣ ሳማ እንደሚበሉ ስትነግረኝ፣ ሳይዞር «ምላሳቸውን አይለበልባቸውም?» አለ።

«ቅጠሉን ያጥፉታል አባዬ። የሚለበልበው ወደ ውስጥ ይሆናል።»

«ብልሆች ናቸው» አለና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረው።

ከሁሉም የማስታውሰው የአንዱን መንጋ ነገር ነው። መንጋውን የሚመራው ወንድ ጀርባው ሸብቶ ብር የሚመስል ነበር። ወንዶቹ ሲጎለምሱ እንደዚያ ይሆናሉ። እሱ ሲነሳ ሁሉም ይነሳሉ፣ እሱ ሲያርፍ ሁሉም ያርፋሉ። የጥናቱ ሰዎች የሰጡት ስም ነበረው፤ መቅዲ ግን በልቧ ጋሼ ነበር የምትለው። በዚያ መንጋ ውስጥ አንዲት እናት ሞተች። ሌሎቹ ዙሪያዋን ተቀመጡ፤ እየቀረቡ ይነኳታል፣ ያሸቷታል። «ለቅሶ ደረሱ» አለች መቅዲ። ትንሹ ልጇ ጡት ከተወ ብዙም አልቆየም፣ ብቻውን ተኝቶ አያውቅም። ሲመሽ መቅዲና አብረዋት ያሉት ዱካ ፈላጊዎች መውረድ ነበረባቸው። ልጁ ብርዱን እንዴት ያድራል እያለች ወረደች። በማግስቱ የተኙበትን ሲያዩ የጋሼ መኝታ ሰፍቷል። በትልቁ ጉድጓድ ጎን ትንሽ ጉድጓድ፣ በትልቁ ፋንድያ ጎን ትንሽ ፋንድያ። አጠገቡ አስተኝቶታል።

«ማንም ሳያዘው» አለች መቅዲ። «ልጁን ምን አልነው መሰለህ? ጩጬ።»

እናቴ የሞተች ጊዜ አባዬ አልጋ ውስጥ ነበር የምተኛው። አባዬን አየሁት። ቴሌቪዥኑን እያየ ነበር። ድምፁ ግን መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ጠፍቷል።

አሁን ስለ «እህም» ልናገር። ከመጀመሪያው ጉዞዋ በተመለሰች ሰሞን ጠረጴዛ ላይ ነበርን። ከበሩ ውጭ የአባዬ ድምፅ ተሰማ። መቅዲ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አፏን ሳትከፍት፣ ከጉሮሮዋ ሥር «ምምህም» አለች።

አባዬ ገባ። «ምነው፣ አሞሻል?»

«መልስ መስጠቴ ነው።»

ከዚያ ነገረችን። እዚያ ተክሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ አንዱ ሌላውን አያየውም። ስለዚህ እየበሉም እየሄዱም ያን ድምፅ ያሰማሉ። አለሁ፣ እኔ ነኝ፣ ሰላም ነው እንደማለት። የሰማ ይመልሳል። ሰውም ወደ እነሱ ሲጠጋ ያንኑ ድምፅ እያሰማ ነው የሚጠጋው። ሳያሰሙ መድረስ ነውር ነው፣ ያስደነግጣቸዋል። «አባዬ» አለች እየሳቀች፣ «አንተ እኮ እዚያ ብትሄድ ማንም አያስተምርህም። ደንቡን ታውቀዋለህ።»

አባዬ ኮቱን እንደያዘ ቆመ።

«እኔን ከእነሱ ጋር ልታመሳስይኝ ነው?»

በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። ኮቱን ሰቅሎ ወደ ክፍሉ ገባ። መቅዲ ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረች።

ምክንያቱን የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ሄልስፊር፣ አውቶቡስ መነሻው ጋ። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ አውቶቡስ ነጂ ነበር። እየዘነበ ነው፣ እሷ ከመጠለያው ውጭ ባለው አግዳሚ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፣ እኔ ከመጠለያው ሆኜ ነይ ግቢ እላታለሁ።

«ና አንተ ተቀመጥ» አለችኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እዚህ ነው» አለች። «ልጅ ሆኜ፣ አባዬ ሥራ ላይ፣ እኔ ከኋላው ወንበር ላይ። በሩን ዘግቶ ሊነሳ ሲል አንድ ሰውዬ እየሮጠ መጥቶ በሩን ደበደበ። አባዬ ከፈተለት። ገብቶ አባዬን ፊት ለፊት ‹ጎሪላ› ብሎ ሰደበው። ጮክ ብሎ። አውቶቡሱ ሙሉ ነበር።»

«አባዬ ምን አለ?»

«መልካም ቀን ይሁንልህ አለው። በኖርዌይኛ። በሩን ዘጋና ነዳ።»

«አንቺስ?»

«ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበር። እንዳልሰማሁ ነው የሚያውቀው። በመስታወቱ ሲያየኝ አየሁት፤ ሙዚቃ የምሰማ መስዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁለት። ሙዚቃ ግን አልነበረም።»

ዝናቡ በአንገቴ ይገባ ነበር።

«ስለዚህ ነው ይህን ሥራ የመረጥሽው?»

«ናይ» አለች። እኛ እዚህ ያደግን አይ ለማለት እንደዚያ ነው የምንለው። ትንሽ ቆየችና «እኔ እንጃ» አለች። «ያ ሰውዬ አባቴን በማን ስም እንደሰደበው ማየት ፈልጌ ይሆናል። ሄድኩ፣ አየሁ። ስድብ አይደለም፣ ጩጬ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪውም?»

«ያን ቀን ሰምቼ እንደነበር ሊያውቅ ነዋ። እሱን አላደርገውም።» ጸጉሯን ጨመቀችው። «እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንድ ቀን ራሱ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ሰው ፊት ልጄ ጎሪላ ነው የምታጠናው እንዲል። በቃ። ሰውዬው ያን ቃል ወስዶበታል። እንዲያስመልሰው ነው የምፈልገው።»

ከዚያ በኋላ ጨዋታቸውን ስሰማ አልስቅም ነበር።

የታመመችው ባለፈው ዓመት ነው። የደም ካንሰር ነው አሉን። መድኃኒቱ የሰውነቷን መከላከያ ስለሚያጠፋው ሆስፒታል ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት፤ አፋችንን ሳንሸፍን መግባት አይፈቀድም። የመጀመሪያ ቀን አባዬና እኔ ተሸፍነን ስንገባ አይታን ፈገግ አለች።

«እዚያ የምሸፍነው እኔ ነበርኩ» አለች። የሰው ጉንፋን ለእነሱ ከባድ ነው፣ ሊገድላቸው ይችላል። ስለዚህ አፍ ይሸፈናል፣ ከተወሰነ ርቀት አይታለፍም፤ ጠዋት ያስነጠሰ ሰው ካምፑ ውስጥ ይቀራል እንጂ ወደ ተራራው አይወጣም። «አሁን ግን የምትሸፍኑት እናንተ ናችሁ። አሁን ጎሪላዋ እኔ ነኝ።»

ከአባዬ ፊት የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነበር። ብርድ ልብሷን አስተካከለላት። «ውሃ ላምጣልሽ» አለና ወጣ።

መቅዲ በሩን አየች። «ዛሬም አላለም» አለችኝ።

በመጨረሻው ሳምንት አባዬ ጉንፋን ያዘው። ነርሷ አላወቀችም ነበር፤ ራሱ ነው የነገራት። አልገባም አለ። ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ወስዶ ተቀመጠ። ወደ ቤት ሂድ ቢሉትም አልሄደም። እኔ እገባለሁ፣ እወጣለሁ።

መቅዲ መናገር አቁማ ነበር ማለት ይቻላል። ዓይኗን ጨፍናለች፤ አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ከውጭ «እህም» ሲል ሰማሁ። ጉንፋኑ መሰለኝ። ደግሞ አለ። መቅዲ ዓይኗን አልገለጠችም። ግን ከጉሮሮዋ ሥር፣ በጣም ቀስ ብላ «ምምህም» አለች።

የሆስፒታል በር ወፍራም ነው። የእሱ ድምፅ ይገባል፣ የእሷ አይወጣም። ብድግ ብዬ ወጣሁ።

አባዬ ቀና አለ። «መለሰች?»

«መለሰች።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነ። እሱ ከውጭ ይጠርጋል፣ እሷ ከውስጥ ትመልሳለች፣ እኔ ወጥቼ እነግረዋለሁ። ስለ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምወደው ያን መመላለስ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «እህም» አለ። ጠበቅሁ። ደግሞ አለ። እጇን ያዝኩ። ነርሷ ገባች፣ ጎንበስ ብላ አየቻት፣ ወደ እኔ ዞረች።

ስወጣ አባዬ ቀና ብሎ አየኝ።

«መለሰች?»

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ለዚህ ነው ከዚያ ወዲህ በር ላይ ጉሮሮውን የማይጠርገው። ማንም አልጠየቀውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከቀብር በኋላ ቤታችን ሰው ሞላ። ሁለት ፎቅ ከእኛ በላይ የሚኖሩት አደይ ለተብርሃን፣ ኤርትራዊት ጎረቤታችን፣ ወንበራቸውን ሁሉ አውርደው አመጡ። ሌላ ሥራ አልሠሩም፤ አባዬ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ይገባል፣ አባዬን ይስማል፣ ይቀመጣል። አንዳንዱ ትከሻውን ይነካዋል። መቅዲ ለቅሶ ደረሱ ያለቻቸውን አሰብኩ።

ጋሽ በቀለ ዓይኑን በመሃረብ እየጠረገ «ምስኪን ልጅ» አለ። «ያን ሁሉ አገር አቋርጣ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለጉሬዛ ደክማ።»

«ጉሬዛ አይደለም» አለ አባዬ።

ቀስ ብሎ ስለነበር ጋሽ በቀለ ጎንበስ አለለት። «ምን አልክ ግርማ?»

«ጎሪላ ነው።» ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን እያየ ነበር። «ልጄ የምታጠናው ጎሪላ ነው። የተራራ ጎሪላ። ጉሬዛ የምላችሁ እኔ ነኝ፣ እሷ አንድም ቀን ጉሬዛ ብላ አታውቅም።»

አባዬ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ያን ቀን ግን ቀጠለ።

«ሳማ ይበላሉ። ቅጠሉን አጥፈው፣ የሚለበልበውን ወደ ውስጥ አድርገው። በዝናብ አይሮጡም። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ትልቁ ወንድ አጠገቡ ነው የሚያስተኛው። ማንም ሳያዘው።» ይህን ሲል ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «በአፍንጫቸው ነው የምትለያቸው። ሁሉንም ታውቃቸው ነበር።»

«ወይ ጓለይ» አሉ አደይ ለተብርሃን በትግርኛቸው። ወይ ልጄ ማለታቸው ነው።

እኔ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። አባዬ ሁሉንም ሲሰማ ነበር። ያን ሁሉ ማታ፣ ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠው። ቃሉንም አወጣው፣ ሰው ፊት፣ ማንም ሳያስገድደው። ሊሰማው የሚገባው ሰው ግን አልነበረም። በሩን ከፍቼ ገብቼ «ብሏል» የምላት የለችም።

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ፣ በአርባዋ፣ ከመቃብሩ ስንመለስ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሄልስፊር አውቶቡስ ስንጠብቅ ዘነበ። አባዬ መጠለያው ውስጥ ቆመ፣ እኔ ውጭ ቆምኩ። ይበርድሃል አላለኝም። ሮመን ደርሰን ደረጃውን ወጣን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

በራችን ላይ ሲደርስ ቁልፉን አወጣ። ቤት ውስጥ ማንም እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ቁልፉን ይዞ ቆመ። ከዚያ «እህም» አለ።

ጠበቀ።

አፌን ሳልከፍት፣ እሷ ስታደርግ እንደሰማሁት፣ ከጉሮሮዬ ሥር መለስኩለት።

አባዬ አልዞረም። ቁልፉን አስገባና በሩን ከፈተ።